«በስተቀር» የምትለው ቃል፦ የአንጎላ ወህኒ ቤት የቀድሞ እስረኞች ትግል በሉዊዚያና

ኖቬምበር 8 ቀን 2022 የሉዊዚያና መራጮች (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የድምፅ መስጫ ወረቀታቸው ላይ በሰባተኛ ተራ ቁጥር አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ «በሌላ አኳኋን ሕጋዊ የሆነውን የወንጀል ፍትሕ አስተዳደር የሚመለከት ካልሆነ በስተቀር፣ አስገዳጅ አገልጋይነት እንዲከለከል የሚያደርገውን ማሻሻያ ይደግፋሉ?»

መጀመሪያ ሳነበው አልገባኝም። ደግሜ ሳነበው ግማሹ ገባኝ። ድምፁ ሲቆጠር ከመራጩ 61 በመቶ ያህሉ «አይ» አለ። በማግስቱ ዜናው «ሉዊዚያና ባርነትን ለማስቀረት ፈቃደኛ አልሆነችም» ተብሎ ተሰራጨ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ረቂቁን ያመነጩት የምክር ቤት አባል ራሳቸው ከምርጫው በፊት ሕዝቡን «አይ በሉ» እያሉ ነበር። ገና ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2018፣ ይኸው የሉዊዚያና መራጭ በቀድሞ እስረኞች መሪነት የቀረበለትን ሌላ ማሻሻያ በ64 በመቶ ድምፅ አጽድቋል። አገሩ ያው ነው፤ ጉዳዩን ይዘው የወጡትም ያው ወህኒ ቤት ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ተሳካ፣ ሌላው ወደቀ። ይህን የጉዳይ ጥናት የምጽፈው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማሳየት ነው። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ የመጣው ከአንድ ዓረፍተ ነገር አሠራር ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ በማን እጅ እንደገባም ወሳኝ ነበር።

አንጎላ

የሉዊዚያና ግዛት ዋና ወህኒ ቤት ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው «አንጎላ» በሚለው ስሙ ነው። ስሙ የቆየ ነው። ቦታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አይዛክ ፍራንክሊን የተባለ ታላቅ የባሪያ ነጋዴ ሰፋፊ እርሻዎች የነበሩበት ሲሆን፣ አንደኛው እርሻ ሰዎቹ ተግዘው በመጡበት የአፍሪካ አገር ስም አንጎላ ተባለ። ስፋቱ 18,000 ኤከር፣ ማለትም ከ7,000 ሔክታር በላይ ነው፤ ከኒው ዮርኩ ማንሃተን ይበልጣል። በሦስት ጎኑ የሚሲሲፒ ወንዝ ከቦታል።

የባርነት ሥርዓት በ1865 ሲያበቃ እርሻው አልቆመም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 13ኛው ማሻሻያ ባርነትንና አስገዳጅ አገልጋይነትን ከለከለ፤ ነገር ግን መሀል ላይ አንድ ሐረግ አስገባ፦ በሕግ አግባብ ጥፋተኛ ለተባለ ሰው የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር። ሐረጉ አዲስ አልነበረም፤ በ1787 ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ላለው ምድር ከወጣው ሕግ የተወረሰ ነው። በደቡብ ግዛቶች ግን ትልቅ በር ሆኖ ተከፈተ። ሥራ ፈት ነህ፣ ያለ ፈቃድ ተንቀሳቅሰሃል፣ አሳማ ሰርቀሃል እየተባለ ጥቁሩ ሰው መታሰር ጀመረ። የታሰረውን ደግሞ ግዛቱ ለግለሰብ ያከራየው ነበር።

ሉዊዚያና እስረኞቿን ያከራየችው ሳሙኤል ጄምስ ለተባለ የቀድሞ የደቡብ ጦር ሻለቃ ነው። ከ1880 ጀምሮ እስረኞቹን አንጎላ እርሻ ላይ ያሠራቸው ነበር። ኪራዩ በ1901 አብቅቶ ግዛቱ ራሱ እስኪረከበው ድረስ ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞች እንደሞቱ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ባሪያው የገንዘብ ዋጋ ስለነበረው ጌታው እንዲሞትበት አይፈልግም ነበር። የተከራየ እስረኛ ሲሞት ግን ግዛቱ ሌላ ይተካለት ነበር። የቨርጂንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1871 በሰጠው ፍርድ ፍርደኛን «የመንግሥት ባሪያ» ብሎ ጠርቶታል፤ ቃሉ የፍርድ ቤቱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላንሳ። በፌብሩዋሪ 1951 አንጎላ ውስጥ 31 እስረኞች ምላጭ ይዘው ከተረከዛቸው በላይ ያለውን ጅማት፣ ቋንጃቸውን፣ በገዛ እጃቸው ቆረጡ። የፈለጉት ድብደባውና የሥራው ጭካኔ ውጭ እንዲሰማ ነው። አቤት የሚሉበት ደጅ አልነበራቸውም፤ ጋዜጠኛ አይገባም፣ ደብዳቤ ይመረመራል። ቋንጃው የተቆረጠ ሰው መስክ ላይ ሊቆም አይችልም። ሠላሳ አንድ ሰው ተራ በተራ ይህን ሲያደርግ ምን ያህል ጸጥታ እንደነበረ አስባለሁ። ድርጊታቸው በጋዜጣ ወጣ፣ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ለመጮህ የቀራቸው አካላቸው ብቻ ነበር።

ዛሬም አንጎላ ይታረሳል። እስረኞቹ «ፋርም ላይን» የሚሉት የእርሻ መስመር አለ፤ አዲስ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ወንዶቹ ተሰልፈው ይወጣሉ፣ መኮትኮቻና አካፋ ይሰጣቸዋል፣ አለዚያም ጎንበስ ብለው በእጃቸው አትክልት ይለቅማሉ። ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ከዳር ሆኖ ያያቸዋል። አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው፤ በሉዊዚያና ዕድሜ ልክ ማለት ያለ አመክሮ ስለሆነ ብዙዎቹ በሕይወት እንወጣለን ብለው አይጠብቁም። በግዛቱ ለእስረኛ ሥራ የሚከፈለው በሰዓት ከ2 እስከ 40 ሳንቲም ሲሆን ምንም የማይከፈለውም አለ። በ2 ሳንቲም ሒሳብ አንድ ዶላር ለመያዝ 50 ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል። አልሠራም ያለ ይከሰሳል፤ ለብቻው ሊዘጋበት፣ ስልክና ጠያቂ ሊከለከል፣ በመልካም ጠባይ የሚቀነስለት ጊዜ ሊሰረዝበት ይችላል። የፍርዱ ወረቀት ራሱ «ከከባድ ሥራ ጋር» ይላል። እኛ ዘንድ ጽኑ እስራት እንደሚባለው የቅጣቱ ስም ነው፤ እዚያ ግን «ሥራ» የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ ገብቷል።

የሕግ ቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች

በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን የሚያስታውስ አንባቢ የምናገረው ይገባዋል። አንጎላ ውስጥ ጠበቃ የማይገዛ እስረኛ ይግባኙን የሚጽፍለት ሌላ እስረኛ ነው። እነዚህ ሰዎች ወህኒ ቤቱ በሚያውቀው ሥልጠና ሕግ ያጠናሉ፣ መዝገብ ያገላብጣሉ፣ ለጓደኞቻቸው ይከራከራሉ።

አቶ ኖሪስ ሄንደርሰን ከእነሱ አንዱ ነበሩ። 27 ዓመት ታስረዋል። የፈረደባቸው ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጦ ፍርድ የሚሰጠው የ12 ሰዎች ሸንጎ፣ አልተስማማም ነበር፤ ከ12ቱ 10ሩ ጥፋተኛ ሲሉ 2ቱ አይደለም ብለዋል። በሌላው አሜሪካ ማለት ይቻላል ይህ ውጤት ሰው አያስርም፤ በሉዊዚያና ግን ዕድሜ ልክ ያስፈርድ ነበር። ሕጉ የመጣው ከ1898ቱ የግዛቱ ሕገ መንግሥት ጉባኤ ነው። ጉባኤው የተጠራበትን ዓላማ አልደበቀም፤ የነጮችን የበላይነት ማጽናት ነበር። ጥቁሮችን ከጁሪ ማገድ በፌዴራል ሕግ ስለማይቻል፣ አንድ ሁለት ጥቁር ቢገባም ድምፁ ዋጋ እንዳይኖረው ተደረገ።

ሄንደርሰንና ጓደኞቻቸው በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚያው ወህኒ ውስጥ የዜግነት ትምህርት ማኅበር አቋቋሙ። እነሱ ድምፅ መስጠት አይችሉም፤ ዘመዶቻቸው ግን ይችላሉ። ስለዚህ የትኛው ዕጩ ስለ አመክሮ ምን እንደሚል እያጠኑ በጠያቂና በደብዳቤ ለቤተሰብ ያስተላልፉ ነበር። ሄንደርሰን በ2003 ወጡ፤ በዓመቱ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ «ቮት» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። የስሙ ፊደላት ሲፈቱ መጀመሪያ «የቀድሞ ወንጀለኞች ድምፅ» ማለት ነበር፤ በኋላ «የልምድ ባለቤቶች ድምፅ» በሚል ለወጡት። ይህ የስም ለውጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰውን ባለፈ ጥፋቱ መጥራት ትተው ባወቀው ነገር ጠሩት።

ካልቪን ዳንካን ሌላው ናቸው። ሃያ ሦስት ዓመት ያህል የእስረኞች ጠበቃ ሆነው ሠርተዋል። ያልተሟላ የጁሪ ድምፅን ጉዳይ ከወህኒ ቤት ጀምረው ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጋግመው እንዲቀርብ የገፉ ሰው ናቸው፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ደጋግሞ አልመለከተውም ብሏል። በ2011 ከወህኒ ወጡ፣ በ2021 ፍርዳቸው ተሰረዘላቸው፣ በ2023 በስልሳ ዓመት ዕድሜያቸው የሕግ ዲግሪ ያዙ።

በ2018 እነዚህ ሁለት መንገዶች ተገናኙ። ለመራጩ የቀረበው ጥያቄ አጭርና ግልጽ ነበር፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ወዲህ ለሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች ጁሪው በሙሉ ድምፅ እንዲፈርድ ይደግፋሉ? ዘመቻውን የመሩት ሄንደርሰን ናቸው። ዴሞክራቶችም ሪፐብሊካኖችም ደገፉት፤ አንድ የአገር ውስጥ ጋዜጣ ፍርዶቹን ቆጥሮ ያወጣው ተከታታይ ዘገባ ከፍተኛ እገዛ አደረገ። ግን ከሁሉ በላይ፣ በር አንኳኩቶ «እኔ በ10 ለ2 ነው የተፈረደብኝ» የሚል ሰው መኖሩ ነገሩን ቀየረው። ሰውዬው ደጅ ላይ ቆሟል፤ ቁጥሩ ፊት አግኝቷል።

በዚያው ዓመት ሌላም ድል ተገኘ። በአመክሮ ወይም በገደብ ላይ ያለ ሰው ከወህኒ ከወጣ 5 ዓመት ካለፈው ድምፅ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ ከማርች 2019 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በኤፕሪል 2020 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሞስ በተባለው የሉዊዚያና ሰው ጉዳይ ያልተሟላ የጁሪ ድምፅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ 6 ለ3 ወሰነ። ቀደም ሲል ይግባኛቸው ላለቀ እስረኞች ግን አይደርስም ተባለ። በዚያ በድሮው የጁሪ ድምፅ አቆጣጠር የተፈረደባቸው ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች እዚያው ቀሩ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚከብደኝ ነገር አለ፤ ሕጉ ስህተት ነበር ተብሎ ታውጆ፣ በስህተቱ የታሰረው ሰው በማግስቱ ጠዋት ወደ መስኩ ይወጣል።

2022፦ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደተጠማዘዘ

ከርቲስ ዴቪስ አንጎላ ውስጥ ከ25 ዓመት በላይ አሳልፈው በ2016 የወጡ ሰው ናቸው። ከወጡ በኋላ የሉዊዚያናን እስር የሚቃወም ድርጅት አቋቁመው ዋና ሥራቸው ያደረጉት ያቺን «በስተቀር» የምትለዋን ሐረግ ከግዛቱ ሕገ መንግሥት ማስወጣት ነው። በኮሎራዶ ተመሳሳይ ነገር ተሠርቷል። በ2016 የቀረበው ጥያቄ ቃሉ ግራ ስላጋባ ለጥቂት ወደቀ፤ በ2018 በቀላል ቃል ተጽፎ ሲቀርብ 66 በመቶ ያህል ድምፅ አገኘ። ነብራስካና ዩታ በ2020 ተከተሉ። የሉዊዚያና ሰዎች መንገዱ አለ ብለው ቢያምኑ አይፈረድባቸውም።

ረቂቁን ለምክር ቤት ያቀረቡት የባተን ሩዥ አካባቢ ተወካይና ጠበቃ ኤድመንድ ጆርዳን ናቸው። የነበረው የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 3 ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ባርነትና አስገዳጅ አገልጋይነት የተከለከሉ ናቸው፣ ሁለተኛው የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር። ጆርዳን የፈለጉት ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለው ሁሉ እንዲሰረዝ ነበር። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው አንድ መስመር በሆነ ነበር።

ምክር ቤቱ ውስጥ ግን ተቃውሞ ተነሳ። «ሐረጉ ከወጣ በከባድ ሥራ የተፈረደበት ሁሉ ፍርዱን ሊያስሽር አይችልም ወይ?» «የእስር ቤቱ ወጥ ቤት፣ ጽዳቱ፣ እርሻው ምን ይሆናል?» የሚል ስጋት ነበር። ረቂቁ እንዲያልፍ ስምምነት ተደረገ፤ አዲስ ሐረግም ገባ። ያለቀው ጽሑፍ ሁለት ንዑስ አንቀጽ ሆነ። የመጀመሪያው ባርነትና አስገዳጅ አገልጋይነት የተከለከሉ ናቸው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው «በሌላ አኳኋን ሕጋዊ በሆነው የወንጀል ፍትሕ አስተዳደር ላይ ተፈጻሚ አይሆንም» ይላል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። በአሮጌው ጽሑፍ ባርነት ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የተከለከለ ነው፤ «በስተቀር» የሚነካው አስገዳጅ አገልጋይነትን ብቻ ነው፤ «ሁለተኛው» የምትለው ቃል ይህን ሥራ ትሠራለች። በአዲሱ ጽሑፍ ግን ያቺ ቃል የለችም። ልዩ ሁኔታው የመጀመሪያውን ንዑስ አንቀጽ በሙሉ፣ ማለትም ባርነትንም አገልጋይነትንም ይነካል። እኔ ደግሞ ሌላም ይታየኛል። «የወንጀል ቅጣት» ለማለት መጀመሪያ የተፈረደበት ሰው መኖር አለበት። «የወንጀል ፍትሕ አስተዳደር» ግን ሰፊ ከረጢት ነው፤ ገና ፍርድ ያላገኘ፣ ዋስ አጥቶ በቀጠሮ የተቀመጠ ሰውን ላለመጨመሩ ምን ዋስትና አለ? በር ሊዘጉ ተነሥተው በሩን ከእነ መቃኑ አሰፉት።

ጆርዳን ይህን ሲረዱ ጊዜው አልፏል፤ ጥያቄው ከወረቀቱ ላይ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ያላቸውን ብቸኛ ነገር አደረጉ። በአደባባይ ወጥተው «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አታጽድቁት፤ አስተካክለን እንመለሳለን» አሉ። ለአንድ ፖለቲከኛ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ለዚህም አከብራቸዋለሁ። ለዓመታት ለዚህ ቀን የሠሩ የቀድሞ እስረኞች ግን ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። መራጩ ደግሞ መንታ መንገድ ላይ ቆመ፤ ባርነትን እቃወማለሁ ያለ ሰው ምን ይምረጥ? «አዎ» ያለውም «አይ» ያለውም በአንድ ዓይነት ቅን ልብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያ 61 በመቶ የሉዊዚያና ሕዝብ ስለ እስረኛ ጉልበት ያለውን አቋም ይነግረናል ብዬ አላምንም። የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ለሕዝብ የሚቀርብ እንዳልነበረ ነው።

በዚያው ቀን አላባማ፣ ኦሪገን፣ ቴነሲና ቨርሞንት ባርነትንና አስገዳጅ አገልጋይነትን የሚመለከት የራሳቸውን ማሻሻያ አጸደቁ። አላባማና ቴነሲ ለእስረኛ የዋሉ ግዛቶች ሆነው አያውቁም። ልዩነቱን የፈጠረው የልብ ርኅራኄ ነው ለማለት ይከብዳል።

ከእናቴ ጋር ያነበብነው ወረቀት

በ2024 መኸር ተመሳሳይ ጥያቄ እኛም ቤት ገባ። የምንኖረው ካሊፎርኒያ ነው። እናቴ ዜግነት ካገኘች ወዲህ አንድም ምርጫ አላለፋትም፤ ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እኔ እያነበብኩ እሷ እርሳስ ይዛ ትወስናለች። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ደረስን። «ኢንቮለንተሪ ሰርቪቱድ» የሚለውን ቃል እንዴት ብዬ ወደ አማርኛ ልመልሰው? «ያለ ፈቃድ አገልግሎት» አልኳት።

«አገልግሎት? የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው?»

«አይ እማዬ፣ እስረኛ አልሠራም ማለት ይችላል ወይ ነው ጥያቄው።»

«እና ለምን እንዲያ ብለው አይጽፉም? ባርነት ነው አይደለም?»

የእናቴ ጥያቄ የትንታኔው ዋና ነጥብ ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄ 6ን በመራጮች መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተቃወመ አንድ እንኳ ጽሑፍ አልቀረበም። ሆኖም 53 በመቶ ያህል «አይ» ተባለ። ወረቀቱ ላይ የነበረው «አስገዳጅ አገልጋይነት» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ «ባርነት» አልተጻፈም። በዚያው ቀን ድንበር ተሻግሮ ኔቫዳ ውስጥ የቀረበው ጥያቄ ባርነትና አስገዳጅ አገልጋይነት የሚሉትን ሁለቱንም ቃላት ይዞ ወጣ፤ ከ60 በመቶ በላይ አገኘ። ላስ ቬጋስ ያሉ ኢትዮጵያውያን ያነበቡትና ሎስ አንጀለስ ያሉት ያነበቡት ስለ አንድ ጉዳይ ነበር፤ የተጻፈው ግን በአንድ ቃል አይደለም። በእርግጥ ካሊፎርኒያ በዚያ ዓመት በወንጀል ጉዳይ ላይ ልቧ የጠነከረ ነበር፤ ቃሉ ብቻውን አላወደቀውም። ግን ቃሉ አላገዘም።

ወገኖቻችን «እስረኛ ቢሠራ ምን አለበት? ሥራ ያስተምራል፣ ጊዜ ያሳልፋል» ሲሉ እሰማለሁ። አገር ቤት ከማረሚያ ቤት የወጣ የእጅ ሥራ፣ ሹራብና የእንጨት ሥራ ያልገዛ ጥቂት ነው፤ እስረኛውም ከዚያ ለቤተሰቡ የሚተርፍ ሳንቲም ያገኛል። እነ ሄንደርሰንና ዴቪስ ግን ሥራ ይቅር አላሉም። ለምሳሌ አንጎላ ውስጥ የሕግ ጽሑፍ መጻፍም ሥራ ነበር፤ ሕይወታቸውን የለወጠው እሱ ነው። ጥያቄያቸው ሰው «አልችልም፣ ታምሜያለሁ፣ ሙቀቱ ይገድለኛል» ሲል ለብቻ መዘጋት ይቅርበት፣ የላቡንም ዋጋ ያግኝ የሚል ነው። የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2022 ባወጣው ጥናት መሠረት በአሜሪካ ወህኒ ቤቶች 800,000 ያህል ሰዎች ይሠራሉ፤ ቴክሳስንና አላባማን ጨምሮ ሰባት ግዛቶች ለአብዛኛው ሥራ ምንም አይከፍሉም።

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ይክፈት። ንዑስ አንቀጽ 3 የግዳጅ ሥራን ይከለክላል፤ ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ በሕግ መሠረት የታሰረ ሰው በእስር ጊዜው እንዲሠራ የሚወሰነው ሥራ የግዳጅ ሥራ አይባልም ይላል። በ1930 የወጣው የግዳጅ ሥራ ዓለም አቀፍ ስምምነትም ተመሳሳይ ልዩ ሁኔታ አለው፤ እስረኛው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር መሆን አለበት፣ ለግለሰብና ለኩባንያም ሊተላለፍ አይገባም። ኢትዮጵያ ስምምነቱን አጽድቃለች፤ አሜሪካ አላጸደቀችም። «በስተቀር» በብዙ አገር ሕግ ውስጥ አለች። ልዩነቱ ከኋላዋ ምን ዓይነት እርሻ እንዳለ ነው።

ሙቀቱ

በ2022 በሩ ሲዘጋ ቮት ሌላ በር ሄደ። በሴፕቴምበር 2023 ድርጅቱና አንጎላ ውስጥ ያሉ እስረኞች በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ ጥያቄው የእርሻ መስመሩ እንዲቆም ነበር። የተመረጠው ክርክር ስለ ደሞዝ ወይም ስለ «በስተቀር» ብቻ አልነበረም፤ በዋናነት ስለ ሙቀት ነበር። ይህ ምርጫ ብልህነት ይመስለኛል። 13ኛው ማሻሻያ አስገድዶ ማሠራትን ቢፈቅድም፣ 8ኛው ማሻሻያ ጭካኔ የተሞላበትን ቅጣት ይከለክላል። የሉዊዚያና በጋ እርጥበቱ ከሙቀቱ ጋር ተደርቦ ላብ እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ የደም ግፊት ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል።

ጁላይ 2 ቀን 2024 ዳኛ ብራያን ጃክሰን መስመሩን አላስቆሙም፤ ነገር ግን ወህኒ ቤቱ በጥላ፣ በዕረፍትና በፀሐይ መከላከያ በኩል ያለውን ጉድለት እንዲያርም አዘዙ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትእዛዙን በከፊል አገደው። ከዚያ ወህኒ ቤቱ የሙቀት ማስጠንቀቂያ የሚጀምርበትን መጠን ከ88 ወደ 91 ፋረንሃይት ከፍ አደረገ። ሦስት ዲግሪ ለሚያነበው ምንም አይደለም፤ መስክ ላይ ጎንበስ ብሎ ለሚውለው ግን ዕረፍት ማግኘትና ማጣት ነው። በሜይ 2025 ዳኛው እንደገና ጣልቃ ገብተው ማስጠንቀቂያው በ88፣ ማለትም በ31 ሴልሺየስ አካባቢ እንዲጀምር፣ ሙቀቱም በየ30 ደቂቃው እንዲለካ አዘዙ።

የኮሎራዶ ነገርም ሊነሳ ይገባል፤ ሕገ መንግሥቱን መቀየር መጨረሻው እንዳልሆነ ያሳያል። ማሻሻያው ከጸደቀ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ እዚያ ያሉ እስረኞች «አሁንም ሥራ እምቢ ስንል እንቀጣለን» ብለው ግዛቱን ከሰዋል። አላባማም በ2022 ሐረጉን አውጥታ፣ በ2023 መጨረሻ እስረኞቿ ስለ ግዳጅ ሥራ ፍርድ ቤት ሄደዋል። ቃሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ወህኒ ቤቱ ልማዱን እንዲተው የሚያሳድደው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እዚያ የኖረ ነው።

ካልቪን ዳንካን በኖቬምበር 2025 የኒው ኦርሊንስ ወንጀል ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ተመረጡ። እስረኛ ሳሉ የራሳቸውን መዝገብ ለማግኘት ለዓመታት የለመኑት እንደዚህ ካለ መዝገብ ቤት ነበር።

የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 3 ከዚያ ድምፅ በኋላም ባለበት ቀርቷል፤ «በስተቀር» አልወጣችም። በሙቀቱ ክስ መዝገብ ላይ በከሳሽነት መጀመሪያ የተጻፈው ስም «የልምድ ባለቤቶች ድምፅ» ነው፤ ከሥሩ መስመሩ ላይ የሠሩት እስረኞች ስም ይከተላል።